የአሥራ ሰባት ቁጥር ድስት ክዳን

ማክሰኞ ግንቦት 10 ቀን 2131 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በደጋማ ሪፐብሊክ ቤተ መንግሥት፣ በትንሹ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ተገኝተዋል። የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት አይችሉህም ደርበው፣ የጦርነትና የመግለጫ አማካሪያቸው ወይዘሮ ስመኝ ላቀው፣ እንዲሁም የአሥራ አንዱ ሀገሮች የጦር መሣሪያ እድር ንብረት ያዥ አቶ ጥጋቡ ወንድይፍራው። በመስኮቱ ሥር በትልቅ ማሰሮ የተተከለ አንድ አበባም ነበር፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልሰፈረም።

አቶ ጥጋቡ ወደ ቤተ መንግሥት የመጡት ጃንጥላ ይዘው ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ለምልክት እንኳ ደመና አልነበረውም። ይሁን እንጂ የጠዋቱ መግለጫ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በየአጥሩ፣ በየአውቶቡሱ ወንበርና በየሰዉ ጆሮ «በዋና ከተማችን መጠነኛ ዝናብ ጥሏል» ሲል አርፍዷል። ስለዚህ ፌርማታው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ጠቀለለ፤ ጎርፍ እንዳይነካው ነው። አቶ ጥጋቡም ጫማቸውን ከአስፋልቱ ዳር ጠረግ ጠረግ አደረጉና አውቶቡስ ተሳፈሩ። ስልሳ ሁለት ዓመት የኖሩት እንዲህ እያደረጉ ነው።

ሰኞ ማታ የወጣው መግለጫ «ሐሙስ ንጋት ላይ የቆላማ ሪፐብሊክ ላደረሰብን ጥቃት፣ በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ ቀጨሞ ከተማ ውስጥ የማያዳግም አጸፋ ሰጥተናል» ይል ነበር። ሐሙስ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። ይህ አቶ ጥጋቡን አላስገረማቸውም፤ መግለጫ ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ያስደነገጣቸው ቀጨሞ የሚለው ስም ነው። ቀጨሞ በሁለቱ ሀገሮች ወሰን ላይ ያለች ከተማ ናት። አንዲት ልጃቸው ትርንጎ የምትኖረው እዚያ ነው። ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቷል፤ ሐኪሙም ከአልጋ እንዳትነሳ፣ መኪና የሚባል ነገር እንዳትሳፈር አስጠንቅቋታል።

«ይቀመጡ ጋሼ ጥጋቡ፣ ይቀመጡ» አሉ ፕሬዚዳንቱ በብርጭቆ ውሃ አበባውን እያጠጡ። «ዝናቡ አገኘዎት?»

«በመጠኑ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

«ይኸውልሽ!» አሉ ፕሬዚዳንቱ ወደ አማካሪያቸው ዞረው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው። «ሰውየው ደረቅ ነው። ጃንጥላው ደረቅ ነው። ግን በመጠኑ ይለኛል። ስመኝ፣ እኔ በዚህ ወንበር ላይ አራት ሺህ መግለጫ አውጥቻለሁ። አንዱ እንኳ ሆኖ አያውቅም። አንዱ! ይህኛው እንዲሆን እፈልጋለሁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ልናገር።»

ወይዘሮ ስመኝ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ስድስት ፕሬዚዳንት ያማከሩ ሴት ናቸው።

«ክቡርነትዎ፣ መግለጫው ጥሩ ወጥቷል። ሕዝቡ ተቀብሎታል። ጦርነት የተጨመረበት እንደሆነ ይበላሻል። ጦርነት እኮ እንደ መግለጫ አይታረምም።»

«አያቴ በገዛ ታንኩ ነበር የተዋጋው።»

«አያትዎ ሲሸሹ ነው ታንኩ የቀረው።»

«ቢሆንም ታንኩ የራሱ ነበር!» አሉና ፕሬዚዳንቱ ወደ አቶ ጥጋቡ ተመለሱ። «በሉ እንግዲህ። ሁለት ታንክ፣ ሦስት መቶ ጠመንጃ፣ አውሮፕላኗን ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በደንቡ መሠረት። ከዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

አቶ ጥጋቡ ከቦርሳቸው መዝገባቸውን አወጡ። ከአርባ ዓመት በፊት አሥራ አንዱ ሀገሮች እርስ በርስ ተዋግተው ሲሰለቻቸው መሣሪያቸውን ሁሉ አቅልጠው የጣሪያ ቆርቆሮ አድርገውት ነበር። ጨርሶ ባዶ እጅ መቅረት ግን ለክብር አልተመቻቸውም። ስለዚህ አንድ የጋራ እድር አቋቋሙ። መጋዘኑ ውስጥ አራት ታንክ፣ ስድስት መቶ ጠመንጃ፣ ተገፍታ የምትነሳ አንዲት አውሮፕላን አለች፤ ለሠራዊቱ ማረፊያ የሚሆን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ ለቀለቡም ሃያ ትልልቅ ድስት አለ። መዋጋት የፈለገ ሀገር ተዋሰ፣ ተዋጋ፣ አጠበ፣ መለሰ። ሁለት ሀገሮች እርስ በርስ የሚዋጉ ከሆነ ዕቃውን እኩል ይካፈላሉ። ከታንክ እስከ ጭልፋ ድረስ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የእድሩ ምልክትና ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቁጥሩን የጻፉት አቶ ጥጋቡ በእጃቸው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ መዝገብ ላይ አንድ የሐሰት መስመር አስገብተው አያውቁም።

«ክቡር ፕሬዚዳንት» አሉ አቶ ጥጋቡ፣ መዝገቡን ገልጠው፣ «መዋስ አይችሉም።»

«ምን?»

«አንቀጽ ዘጠኝ። የተዋሰውን ሳያሟላ የመለሰ አባል ሌላ ዕቃ አይዋስም። እናንተ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከተዋጋችሁት ጦርነት ያልመለሳችሁት ነገር አለ።»

«እኛ? ምን አስቀረን? ታንክ ነው?»

«የድስት ክዳን ነው። የአሥራ ሰባት ቁጥር ድስት ክዳን።»

ወይዘሮ ስመኝ አንድ ነገር ጻፉ።

«አስታወስኩት» አሉ ፕሬዚዳንቱ ቀስ ብለው። «የድሉ ግብዣ የተሠራው እዚሁ ነበር፤ እኔ ገና ተጋባዥ ነበርኩ። ቅልጥም ነበር። እና ለአንድ ክዳን ብላችሁ የአንድን ሉዓላዊ ሀገር ጦርነት ትከለክላላችሁ?»

«ደንቡ ክዳን ወይም ታንክ ብሎ አይለይም። ሁሉም ዕቃ ነው።»

«እንግዲያው በጉልበት እንወስደዋለን!»

«በምን ክቡርነትዎ?» አሉ ወይዘሮ ስመኝ ቀና ሳይሉ። «መሣሪያው ያለው እነሱ ዘንድ ነው።»

በዚህ መሐል የወይዘሮ ስመኝ ስልክ ጮኸ። የደወሉት የቆላማ ሪፐብሊክ አማካሪ አቶ ኑርሁሴን ናቸው። ሁለቱ አማካሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲያዋጉ ስለኖሩ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ቆላው ሙቀት ተጠያየቁ።

«ኑርሁሴን፣ ንጋት ላይ የምታጠቁት እናንተ ናችሁ፤ እንዳይረሳ» አሉ ወይዘሮ ስመኝ።

«ኧረ በምን ልርሳው እመቤቴ!» አለ ድምፁ። «የውግዘት መግለጫችንንም አውጥተናል፤ ቀጨሞን ጨርሳችሁ አወደማችሁ ብለናል። ሰማሽው?»

«ሰማሁት፣ ያምራል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ረዘመ እንጂ።»

«እሱ የሚኒስትሩ ነው፤ ቆርጬ ቆርጬ እንደዚያ ቀረ። ብቻ ታንካችንን ስንት ሰዓት ነው የምንወስድ? ንጋት ላይ ለማጥቃት እኮ ማታውኑ መጋዘን መድረስ አለብን።»

«ቆይ፣ እኛ ዘንድ ክዳን ጠፍቷል። መልሼ እደውላለሁ።»

«ክዳን? አይ የናንተ ነገር!» ብለው እየሳቁ ዘጉ።

ፕሬዚዳንቱ ግን አልሳቁም። የቤተ መንግሥቱን መጋቢ አስጠርተው በግቢው ውስጥ ያለ ክዳን ሁሉ እንዲመጣ አዘዙ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ወታደሮች አሥራ አራት ክዳን ተሸክመው ገቡና ምንጣፉ ላይ ደረደሩት። የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ሳይቀር ነበረበት።

«ይምረጡ» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «ምን ነበር መልኩ?»

«ነጭ አሉሚኒየም ነው። ስፋቱ የአንድ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። ማንጠልጠያው ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። ጠርዙ ላይ በቀይ ቀለም አሥራ ሰባት የሚል አለ።»

አቶ ጥጋቡ ጉልበታቸውን ይዘው ተንበረከኩና ክዳኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ ገለበጡ። ለራሳቸውም እየገረማቸው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፋ ዕቃ እንዳይገኝ ይለምኑ ነበር። የመጀመሪያው ጠባብ ነው። ሁለተኛው የሸክላ ነው። አሥራ አራተኛውን ሲያስቀምጡ ቀና አሉና ዓይናቸው በመስኮቱ ሥር ካለው ማሰሮ ላይ ዐረፈ።

ማሰሮው ዘንበል ብሏል። ከሥሩ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ እንዲይዝ፣ አንድ ሰፊ ነጭ ነገር ተዘቅዝቆ ተቀምጧል። መሬቱ ላይ ደልዳላ ሆኖ አልተቀመጠም፤ ከበታቹ የሽቦ ጫፍ ብቅ ብሏል። ጠርዙ ላይ፣ በውሃ ከወየበው ቀለም መካከል፣ አንድ ቀይ አሥራ ሰባት ይታያል። ሰባቷ ወደ ታች የወረደች ረጅም ጭራ አላት። አቶ ጥጋቡ ይህቺን ጭራ ያውቋታል። ከአባታቸው የወረሷት የእጅ ጽሑፍ ናት።

«ምን ያያሉ?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«አበባው…»

«አዎ፣ ያምራል አይደል?» የፕሬዚዳንቱ ፊት ፈካ። «ለማንም አላስነካም፤ በእጄ ነው የማጠጣው። አያችሁት እንዴት ዘንበል እንዳለ? ወደ እኔ ወንበር ነው የሚያጎነብስ። ወንበሩን ባዞረውም ያጎነብሳል ብዬ አምናለሁ። ለማንኛውም ክዳኑ፤ ከእነዚህ ውስጥ አለ?»

«ከእነዚህ ውስጥ የለም።»

ይህ እውነት ነበር። አቶ ጥጋቡ እዚህ ላይ እንዲያበቃ ፈለጉ። ፕሬዚዳንቱ ግን እውነት የመናገር አምሮት የያዛቸው ሰው ናቸውና ከወንበራቸው ተነሥተው ቀረቡ፤ ፊት ለፊትም ቆሙ።

«ጋሼ ጥጋቡ፣ እርስዎ ሐሰት እንደማይናገሩ አሥራ አንዱም ሀገር ይመሰክራል። እኔ ዛሬ የምጠይቀው እንደ ፕሬዚዳንት አይደለም፤ ክዳኑ የተገኘ እንደሆነ ሐሙስ ቀጨሞ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። እና ክዳኑን በዚህ ቤት ውስጥ አይተውታል?»

ውሃው ከማሰሮው ሥር ጠብ አለ። ክዳኑ ላይ ሲያርፍ ድስት ላይ እንደሚያርፍ ጭልፋ ቃጭ ብሎ ተሰማ። ትርንጎ በጎኗ ተኝታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ስሙን አንተ ነህ የምታወጣ» ያለቻቸው ትናንት በስልክ ነው።

«አላየሁትም» አሉ።

ከአንደበታቸው ሲወጣ እንደማንኛውም ቃል ነበር። ጣሪያው አልወረደም። ወይዘሮ ስመኝ ግን ብዕራቸውን አቁመው በመጀመሪያ አቶ ጥጋቡን፣ ቀጥሎ አቶ ጥጋቡ ሲያዩት የነበረውን ቦታ፣ ከዚያም እንደገና አቶ ጥጋቡን ተመለከቱ። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ከማሰሮው ፊት ቆሙ። ቀሚሳቸው እስከ መሬት ነው።

«ሌላ ክዳን እንገዛለን!» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «አሥር ክዳን!»

«ለምትክ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ያስፈልጋል» አሉ አቶ ጥጋቡ። «ጉባኤው የሚቀመጠው በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ነው። የሚቀጥለው ሰኔ 6 ነው።»

«ሐሙስን ወደ ሰኔ ልውሰደው? መግለጫው ወጥቷል እኮ!»

«መግለጫው እንደወጣ ይቀመጥ» አሉ ወይዘሮ ስመኝ ከመስኮቱ ሥር። «አቶ ጥጋቡ፣ ደንባችሁ ዕቃ ማውጣትን ይከለክላል። ወጥቷል ብሎ መጻፍን ይከለክላል?»

አቶ ጥጋቡ የደንቡን መጽሐፍ ከፈቱ። ከአንቀጽ አንድ እስከ አንቀጽ ሰማንያ ሁለት አገላበጡ። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም።

«አይከለክልም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጥሩ። እንግዲያው ከመግለጫው ጋር የሚያያዝ አንድ ገጽ ይፈርሙልናል። ዕቃው ለሁለቱም ሀገሮች ወጥቷል፣ ጦርነቱ ተካሂዷል፣ ዕቃው ታጥቦ ተመልሷል። የንብረት ያዥ ፊርማ ያለበት መግለጫ በታሪካችን ይህ የመጀመሪያው ይሆናል። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ የበለጠ እውነት የት ይገኛል?»

ፕሬዚዳንቱ አገጫቸውን ያዙ። «ፎቶግራፍ ግን እፈልጋለሁ። ታንክ ላይ። ሐውልቴ ታንክ ላይ ቆሜ ነው የተቀረጸው፤ አልቋል፤ ፈረስ ላይ አድርጉኝ ልበል አሁን?»

«የተከለከለው መዋስ ነው፤ መቀመጥ አልተከለከለም። ነገ መጋዘን ሄደው ይቀመጡበታል። አይደለም አቶ ጥጋቡ?»

«ጫማ አውልቀው ከሆነ» አሉ አቶ ጥጋቡ። «ባለፈው ሳምንት ነው ያጠብነው።»

ወይዘሮ ስመኝ ጽሑፉን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። አቶ ጥጋቡ እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ቀጨሞ ሙሉ በሙሉ ወድማለች ይላል።»

«አዎ።»

«በከፊል ቢባልስ?»

«ቆላማዎቹ ሙሉ በሙሉ ብለዋል። እኛ በከፊል ካልን የራሳችንን አጸፋ አሳነስን ማለት ነው።»

«አንድ ሰፈር እንኳ ብትቀር? ለምሳሌ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ሰፈር?»

ወይዘሮ ስመኝ ብዕሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉ። «አቶ ጥጋቡ፣ በወረቀት ወድማ ቆማ የምታድር ከተማ ትሻልዎታለች፣ ወይስ በወረቀት ቆማ የምትወድም?»

አቶ ጥጋቡ ፈረሙ። ቀኑንም ጻፉ። የሃያ ሰባት ዓመቱ መዝገብ ላይም «ወጥቷል፣ ተመልሷል፣ ታጥቧል» ብለው አሰፈሩ። በክዳኑ ረድፍ ላይ ብቻ፣ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ትይዩ፣ «አልተመለሰም» ብለው ጻፉ።

ወይዘሮ ስመኝም ለአቶ ኑርሁሴን ደውለው ታንክ ለመውሰድ መምጣት እንደማያስፈልጋቸው ነገሯቸውና አቶ ጥጋቡን እስከ ደረጃው ሸኟቸው። ታች ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሰባት ቁጥር ላይ እንደዚያ ያለ ጭራ የሚያወጣ ሰው ከእርስዎ በቀር አይቼ አላውቅም» አሉ።

አቶ ጥጋቡ ጃንጥላቸውን ጨበጡ።

«ቀጨሞ ማን አለዎት?»

«ልጄ። ቀኗ ገብቷል።»

ወይዘሮ ስመኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት። ግን ልለምንዎት፣ ከሐሙስ በኋላ እንዳይደውሉላት። ብትደውልም እንዳያነሡ። ከወደመ ከተማ ስልክ ሲነሣ ከተሰማ ፕሬዚዳንቱ እንደገና እውነት ያምራቸዋል።»

ረቡዕ ዕለት ፕሬዚዳንት አይችሉህም ደርበው በመጋዘኑ ውስጥ በካልሲ ሆነው ታንክ ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ደጋማ ድሉን አወጀ። ቆላማም አወጀ። በቀጨሞ የዕለቱ ገበያ ዋለ።

በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የአቶ ጥጋቡ ሰፈር ሰዎች ከደጃቸው ድንኳን ተከሉ። መግለጫውን ሰምተዋል፤ የአቶ ጥጋቡ ልጅ ቀጨሞ እንደነበረች ደግሞ ሁሉም ያውቃል። አቶ ጥጋቡ «ተዉ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ጎረቤታቸው ጋሽ ምትኩ ግን አቅፈዋቸው ጮኹ።

«አይዞህ ጥጋቡ! በመግለጫ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል!»

አቶ ጥጋቡ ወደ ድንኳኑ ገቡና ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ስለ ትርንጎ አወራ፤ ትንሽ ሳለች ጫማ ገልብጣ ታደርግ እንደነበር፣ ትምህርት ቤት ዘፈን የምታወጣው እሷ እንደነበረች። አንዳንዱ እያለቀሰ ነበር፤ የምሩን ነው። አቶ ጥጋቡ ግን ዕንባ አልመጣላቸውም። ሴቶቹ «ደርቆ ቀረ፣ ምስኪን» እያሉ ተንሾካሾኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ሦስት ጊዜ ነዘረ። አላነሡትም። ሲያበቃ በጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው አዩት። ትርንጎ መልእክት ልካለች። «አባዬ፣ ሴት ናት። ሁለታችንም ደህና ነን። ለምን አታነሣም?» ይላል።

ያን ጊዜ አቶ ጥጋቡ ድምፃቸውን አውጥተው፣ ትከሻቸው እየተናጠ አለቀሱ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ።

«እሰይ» አሉ ጋሽ ምትኩ ጀርባቸውን እየደባበሱ። «ይውጣልህ። ገና አሁን ገባህ።»

ሰኔ 6 ቀን የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ለሐምሌ ተላለፈ። አቶ ጥጋቡ በማግስቱ ወደ ልደት ምዝገባ ቢሮ ሄደው የልጅ ልጃቸውን ለማስመዝገብ ጠየቁ። ጸሐፊዋ የትውልድ ቦታውን ስታነብ ብዕሯን አስቀመጠችና ከወንበሯ ተነሥታ «ነፍስ ይማር» አለቻቸው። ሕፃኗ እስካሁን አልተመዘገበችም። ክዳኑም አልተመለሰም።